ጨዋማ ብስኩት ስንበላ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በተለምዶ ክራከር የምንለው ጨዋማ ብስኩት በብዙ ቤት ከሻይ ጋር የሚቀርብ፣ በጾም ወቅት ደግሞ ከቢሮ መሳቢያ የማይጠፋ መክሰስ ነው። ከክሬም ብስኩት ጋር ሲነጻጸር ቀለል ያለና ለጤና የሚስማማ ስለሚመስል፣ ጣፋጭ የተከለከለ ሰው ሳይቀር ያለ ስጋት ይበላዋል። ስህተቱ የሚጀምረው ብስኩቱን በምላስ ብቻ ከመመዘን ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ጣፋጭ ስላልሆነ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር አይጨምርም ብሎ ማሰብ ነው። የክራከር ዋና ግብዓት የፉርኖ ዱቄት ነው፤ ስንዴው ሲፈጭ ፉርሽካው ተለይቶ ስለሚወጣ አብዛኛው አሰር (ፋይበር) አብሮት ይሄዳል። በ100 ግራም ክራከር ውስጥ 70 ግራም ያህል ወይም ከዚያ በላይ ካርቦሃይድሬት ሲኖር፣ አሰሩ ግን ብዙውን ጊዜ ከ3 ግራም ብዙም አይርቅም። እንዲህ ያለው ስታርች የሚባል ካርቦሃይድሬት በአንጀት ውስጥ ፈጥኖ ወደ ግሉኮስ ይለወጣል። አንዲት የቅርብ ዘመዴ የስኳር ሕመሟ ከታወቀ በኋላ ሻይዋን ያለ ስኳር መጠጣት ለመደች፤ ከስኒው ጎን ግን ዘጠኝ ክራከር ደርድራ ታስቀምጥ ነበር፤ በመሣሪያ ስትለካ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር የምትወቅሰው እንጀራውን ነው። አንዱ ክራከር 3 ግራም ያህል ቢመዝን ዘጠኙ 27 ግራም ይሆናሉ፤ ከዚህ ውስጥ 20 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው፤ ይህም አምስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ውስጥ ካለው ጋር ይተካከላል። በተቃራኒው ስኳሩ ድንገት ለወረደበት ሰው ክራከር ቀድሞ የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ በቅድሚያ የሚያስፈልገው የተበጠበጠ ስኳር ወይም ጭማቂ ሲሆን፣ ብስኩቱ ከዚያ በኋላ ሊከተል ይችላል።

ሁለተኛው ስህተት ጨውን ከላይ በሚታዩት ቅንጣቶች መገመት ነው። ብዙዎች ቅንጣቶቹን በጣታቸው አራግፈው ሲበሉ አይቻለሁ፤ ዘዴው የሚረዳው በጥቂቱ ነው። ጨው ሊጡ ውስጥም አለ፤ ሊጡን ለመንፋት የሚገባው ቤኪንግ ሶዳም ራሱ በጨው ውስጥ የሚገኘው ሶዲየም የሚባል ንጥረ ነገር ያለው ነው። ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ሶዲየም ከሆነ፣ ወደ ጨው ለመለወጥ በ2.5 ማባዛት ነው። ለምሳሌ በ100 ግራም ውስጥ 900 ሚሊ ግራም ሶዲየም ካለ፣ ጨውነቱ 2.25 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ስለሆነ፣ 100 ግራም የሚመዝን እሽግ በሙሉ የጨረሰ ሰው ሽሮና በርበሬ ገና ሳይቀርቡለት የቀኑን ግማሽ ሊወስድ ምንም አልቀረውም ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ አንዳንድ ማሸጊያ ቁጥሩን የሚጽፈው ለአምስት ፍሬ ብቻ ስለሆነ፣ ትንሽ መስሎ ይታያል። ሶዲየም ውኃ ይዞ ስለሚያስቀር የደም መጠንን ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ደም ግፊት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም የልብ ድካም ያለበት ሰው ይህን ስሌት ቸል ሊለው አይገባም።

ከዚያ ቀጥሎ የሚያታልለው «ኮሌስትሮል የለውም» የሚለው ጽሑፍ ነው። ኮሌስትሮል የእንስሳት ተዋጽኦ በመሆኑ፣ በአትክልት ዘይት የተሠራና ወተት፣ ቅቤ ወይም እንቁላል ያልገባበት ብስኩት ቀድሞውንም ሊኖረው አይችልም። ሊጠየቅ የሚገባው የዘይቱ ዓይነት ነው። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ፋት የሚባለው የሚረጋ ቅባት ሲሆን፣ ይህ ቅባት ጎጂ የሚባለውን የደም ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። በከፊል ሃይድሮጂን የተጨመረበት ዘይት ደግሞ ትራንስ ፋት የሚባል ቅባት ስለሚይዝ ከዚህም ይብሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. በፋብሪካ የሚመረት ትራንስ ፋት ከምግብ እንዲወገድ ጥሪ ያቀረበው በዚሁ ምክንያት ነው። ጿሚው የወተት ዱቄት አለው ወይ ብሎ የግብዓቱን ዝርዝር ፊደል በፊደል ይመረምራል፤ እዚያው መስመር ላይ የተጻፈውን የዘይት ስም ግን ያልፈዋል።

ቡናማ ቀለምም የሙሉ እህል ምልክት አይደለም፤ ከብቅል ወይም ከካራሜል ሊመጣ ይችላል። ግብዓቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚዘረዘሩት እንደ ክብደታቸው ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ሙሉ የስንዴ ዱቄት በመጀመሪያ ካልተጻፈ የቀለሙ ነገር ትርጉም የለውም። ሳይታሹ የተቆሉ የገብስና የሽምብራ ቆሎ፣ ጨው ካልበዛባቸው፣ ከአብዛኛው «ቡናማ» ክራከር የተሻለ አሰር አላቸው።

ለሕፃናት እንደ ማባበያ መስጠትም ተለምዷል። አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ በቀን የሚፈቀደው ጨው ከ1 ግራም በታች ስለሆነ፣ ጥቂት ፍሬዎች ከዚያ ላይ የሚወስዱት ድርሻ ቀላል አይደለም። ልጅ ሲያስቀምጠው ደግሞ «ጨው ይተካለታል» ተብሎ ክራከር ብቻ ቢሰጠው፣ የጎደለውን ውኃ አይመልስለትም፤ ለዚህ የተዘጋጀው ሕይወት አድን የሚባለው ኦ አር ኤስ ነው።

ይህን ሁሉ ሰምቶ ክራከርን ጨርሶ መጣልም ሌላ ስህተት ይሆናል። ጠዋት ጠዋት የሚያቅለሸልሻት ነፍሰ ጡር ከአልጋዋ ሳትነሣ ሁለት ሦስት ደረቅ ክራከር ቀስ ብላ ብትበላ፣ ባዶ ሆድ የሚያባብሰው ስሜት ሊቀልላት ይችላል፤ ደም ግፊት ካለባት ግን ጨው ያልበዛበትን ትምረጥ፤ ውኃ እንኳ አልረጋ ብሏት የሚያስመልሳት ከሆነም ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርባታል።