ከአሮጌው የአማርኛ ኪቦርድ ወደ አዲሱ ሲሻገሩ

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች መካከል ባለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴ ለዓመታት በአሮጌ ፎንት ስጽፍ ኖሬ፣ ፊደልን በድምፁ ወደሚያስጽፈው የዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ኮድ) አቀማመጥ የተሻገርሁት ደንበኞች ሰነዳቸውን በቴሌግራም እንድልክላቸው መጠየቅ ሲያዘወትሩ ነው። በአሮጌው የተጻፈ ውል ፎንቱ በሌለበት ስልክ ሲከፈት የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ስላገኘ ግን በአዲሱ የተጻፈው በዘመናዊ ስልክ ሁሉ ይነበባል።

በዊንዶውስ ማስተካከያ የቋንቋ ክፍል ውስጥ አማርኛን ይጨምሩ ወይም ኪማን የተባለውን የኪቦርድ ፕሮግራም ይጫኑ፤ ከዚያ በኋላ የዊንዶውስን ቁልፍ ከስፔስ ጋር በመጫን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይቀያይራሉ።

ዋናው ነገር ሳድስን መረዳት ነው። የ«s»ን ቁልፍ ሲመቱ «ስ» ይወጣል፤ «a»ን ቢያስከትሉበት ያው ፊደል «ሳ»፣ «u»ን ቢያስከትሉበት «ሱ» ይሆናል። ስለዚህ «ሰላም» አምስት ምት ብቻ ነው፤ መጨረሻው «ም» ሳድስ ስለሆነ ምንም አያስከትልም። «ጠ»ን እና «ጨ»ን የመሳሰሉት በብዙዎቹ አቀማመጦች ከሺፍት ጋር ይመታሉ። እጅን የሚያሰናክለው «ርእስ»ን የመሰለው ቃል ነው፤ «ር» የሚከተለውን አናባቢ ስቦ ሌላ ፊደል ይሆናልና፣ በመካከላቸው የሚለያያቸው ቁልፍ (አብዛኛውን ጊዜ አፖስትሮፍ ነው) የትኛው እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ከመመሪያው ያረጋግጡ። ቁልፎቹ ላይ የፊደል ስቲከር መለጠፉን አልመክርም፤ አንዱ ቁልፍ ሰባት መልክ ስላለው ስቲከሩ ዓይንን ያስራል እንጂ እጅን አያስተምርም።

ለልምምድ በቃልዎ የሚያውቁትን ጽሑፍ ይምረጡ። እኔ የመረጥሁት የቤት ኪራይ ውል ነበር፤ «ይህ ውል በፍ/ብ/ሕ/ቁ 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው» የሚለው የተለመደ ዓረፍተ ነገር (ፍ/ብ/ሕ/ቁ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር ማለት ነው) ብቻውን ቁጥሩን፣ እዝባሩን፣ «ሕ»ን እና «ጸ»ን አንድ ላይ ያለማምዳል። ሁለቱን አቀማመጦች ጎን ለጎን መያዝ ግን አይበጅም፤ የቸኮለ ደንበኛ አጠገቤ በቆመ ቁጥር እጄ ወደ አሮጌው እየሮጠ አንድ ወር ሙሉ አባክኛለሁ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችልም በየአንቀጹ ሴቭ ያድርጉ።

አራት ነጥብን በተመለከተ ይጠንቀቁ። ብዙ ሰው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ደርድሮ «፡፡» ይጽፋል፤ ለዓይን አንድ ይመስላል እንጂ ለኮምፒውተሩ ሁለት ምልክት ስለሆነ በመስመር መጨረሻ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ «።»ን ሲፈልጉም አይገኝም። አዲሱ አቀማመጥ ትክክለኛውን «።» በየትኛው ምት እንደሚሰጥ ይለዩ፤ ቀድሞ የተጻፈውን ደግሞ በወርድ ውስጥ ኮንትሮልን ከኤች ጋር ተጭነው «፡፡»ን በ«።» በአንድ ጊዜ ይተኩ።