ታይሚንግ ቺንጋ ተቀይሮ ሞተሩ እምቢ ሲል፦ እንዴት እንደሚስተካከል

መኪናው ጋራዥ የገባው ደህና ሆኖ ነው። ታይሚንግ ቺንጋው፣ ማለትም ክራንክ ሻፍቱንና ካምሻፍቱን አያይዞ የሚያዞረው ባለጥርስ ቀበቶ፣ ጊዜው ስለደረሰ ተቀየረ። ሲወጣ ግን ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ሲያይ ይሞታል፣ ነዳጅ ይጠጣል። አንዳንዱ ጭራሽ አልነሳም ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ መካኒክ እጁን የሚሰደው ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ነው። ቡሎኑን ላላ አድርጎ ሞተሩ እስኪረጋጋ ያዞረዋል። ሞተሩም ይረጋጋል፤ ባለመኪናው ከፍሎ ይሄዳል። ችግሩ ግን እዚያው አለ። ዲስትሪቢዩተር የሚወስነው ካንዴላው መቼ እሳት እንደሚሰጥ ብቻ ነው። ቫልቮቹ መቼ ተከፍተው መቼ እንደሚዘጉ የሚወስነው ቺንጋው ነው። ቺንጋው አንድ ጥርስ ስቶ ከተገጠመ፣ በአብዛኛው ሞተር ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ላይ 15 ዲግሪ ገደማ ስህተት ይፈጠራል። ይህን ደግሞ ዲስትሪቢዩተር በማዞር ማንም አያስተካክለውም።

ለምሳሌ የምወስደው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩት ኮሮላዎች ላይ ያለውን 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ነው። ወንድሙ 5ኤ-ኤፍኢም አሠራሩ ያው ነው። ቪትዝ ያላችሁ ይህ አይመለከታችሁም፤ የእናንተው ሞተር የሚዞረው በሰንሰለት ነው።

መጀመሪያ ቀላሉን እዩ

ቺንጋ ለመቀየር የቫልቭ ክዳኑ ይነሳል፣ የካንዴላ ገመዶች ይነቀላሉ፣ ቀጫጭን ጎማዎች ይላቀቃሉ። ሲመለሱ አንዱ ሊረሳ ይችላል። የዚህ ሞተር የእሳት ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ነው። ሁለት ገመድ ከተቀያየረ ሞተሩ ልክ ታይሚንጉ እንደተበላሸ ይንቀጠቀጣል። ከቫልቭ ክዳኑ ወደ አየር ማስገቢያው የሚሄደው ጎማ ከወለቀም ሚኒሞው ይረበሻል። የሴንሰር ሶኬቶቹንም አንድ በአንድ ጫን ጫን አድርጉ። ይህን ሳያዩ ቺንጋ መፍታት በከንቱ መድከም ነው።

ምልክቶቹን መፈተሽ

የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። ማርሹን ፎሌ ላይ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ። አራቱንም ካንዴላዎች አውጡ፤ ሞተሩ በእጅ ሲዞር ይቀላል። የቫልቭ ክዳኑንና የቺንጋውን የላይኛውን ሽፋን አንሱ።

አሁን የክራንክ ፑሌጃውን (ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው መዘውር) ቡሎን በቁልፍ ይዛችሁ ሞተሩን በሰዓት አቅጣጫ ብቻ አዙሩ። ፑሌጃው ላይ ያለችው ጭረት ሽፋኑ ላይ ከተጻፈው 0 ጋር ትግጠም። ልብ በሉ፣ ከ0 ጎን 10 የሚል ምልክትም አለ። ቸኩሎ የሠራ ሰው 10ን እንደ 0 ቆጥሮ ቺንጋውን ሊያስገባ ይችላል።

ቀጥሎ ላይኛውን የካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ማርሽ እዩ። አንዲት ትንሽ ክብ ቀዳዳ አለችው። በቀዳዳዋ ውስጥ አጮልቃችሁ ስታዩ፣ ከኋላ የካምሻፍቱ መያዣ ላይ ያለችው ጭረት ልክ መሐሏ ላይ መታየት አለባት። በባትሪ መብራት፣ ፊት ለፊት ሆናችሁ እዩ። ከጎን ከታየ ትክክለኛውም የተሳሳተ ይመስላል። ቀዳዳዋ ወደ ታች ሆና ካገኛችኋት አትደንግጡ፤ ክራንኩን አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ።

ጭረቷ ከቀዳዳዋ ወደ ጎን ሸሽታ ከታየች ቺንጋው ጥርስ ስቷል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። የክራንክ ፑሌጃው ውስጡ ጎማ አለው። ያረጀ ከሆነ የውጪው ቀለበት ተንሸራቶ 0 ያልሆነውን 0 ሊያስመስል ይችላል። ከተጠራጠራችሁ ፑሌጃውን አውጥታችሁ ታች ያለውን የክራንክ ማርሽ እዩ። የእሱ ምልክት ከዘይት ፓምፑ አካል ላይ ካለው ምልክት ጋር ይገጥማል። ይህኛው አይዋሽም።

ቺንጋውን መልሶ ማስገባት

የቴንሽነሩን (የቺንጋው መወጠሪያ) ቡሎን አላሉ፣ ወደ ኋላ ገፍታችሁ ለጊዜው አጥብቁት። ቺንጋውን ከላይኛው ማርሽ አውጡ። ክራንኩን አትንኩ፤ ካምሻፍቱን ብቻ ቀስ አድርጋችሁ ጭረቷ መሐል እስክትገባ አዙሩ።

ቺንጋው ሲመለስ ስህተቱ የሚደገመው እዚህ ነው። ቴንሽነሩ በሌለበት ጎን ያለው ቺንጋ ምንም ሳይላላ ተወጥሮ መግባት አለበት። ልል የሆነው ሁሉ ቴንሽነሩ ባለበት ጎን ይቅር። በዚያኛው በኩል ትንሽ ላላ ካለ፣ ቴንሽነሩ ሲስበው ካምሻፍቱ ይዞርና እንደገና አንድ ጥርስ ይስታል። ከዚያ የቴንሽነሩን ቡሎን ፈታ አድርጉት፤ ስፕሪንጉ ራሱ ይወጥረዋል። በካቻቢቴ ፈልቅቃችሁ አታክሩት። ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ ያፏጫል፣ የቴንሽነሩንም ኩሽኔታ ይበላል።

በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ፤ ምልክቶቹን እንደገና እዩ። ከገጠሙ የቴንሽነሩን ቡሎን በ37 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። አዲሱ ቺንጋ ላይ የተቀባ መስመር ካለ፣ ሞተሩ ከዞረ በኋላ መስመሩ ከማርሾቹ ምልክት ጋር አይገናኝም። ይህ ጤነኛ ነው። መታየት ያለበት የማርሾቹ ምልክት ነው።

ስታዞሩ ድንገት ድርቅ ቢልባችሁ አታስገድዱት። 4ኤ-ኤፍኢ በተለምዶ ቺንጋው ቢበጠስም ቫልቭ አያጣምም። የሃይኤስና የሃይሉክስ ናፍጣ ሞተሮች፣ እነ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል፣ ግን ይቅር አይሉም። ፒስተኑ ቫልቩን ያገኘዋል። እነሱ ላይ ቺንጋው የናፍጣ ፓምፑንም ስለሚያዞር የሚገጥመው ምልክት ሦስት ይሆናል። ተጠራጥራችሁ ከሆነ በስታርተር እየደጋገማችሁ አትሞክሩ።

አሁን ዲስትሪቢዩተሩ

ቺንጋው ልክ ከሆነ በኋላ ነው ተራው የሚደርሰው። ሁሉን መልሳችሁ ሞተሩን አስነሱ፣ ይሙቅ። ኤሲና መብራት አጥፉ። ኮፈኑ ውስጥ ባለው የመመርመሪያ ሳጥን ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኙ። ይህ ካልተደረገ ኮምፒውተሩ ታይሚንጉን ራሱ እያንቀሳቀሰ ያሳስታችኋል። ታይሚንግ ላይቱን (ካንዴላው እሳት በሰጠ ቁጥር ብልጭ የሚለውን መብራት) በ1ኛው የካንዴላ ገመድ ላይ አድርጋችሁ ፑሌጃው ላይ አብሩ። ጭረቷ 10 ላይ መቆም አለባት። ካልቆመች የዲስትሪቢዩተሩን ቡሎኖች ላላ አድርጋችሁ ጥቂት በጥቂት አዙሩ። 10ን ለማግኘት እስከ ዳር ድረስ መሄድ ካስፈለገ ወደ ቺንጋው ተመለሱ፤ ጥርስ ስቷል ማለት ነው።

ስትጨርሱ ሽቦውን ማውጣት አትርሱ።

አሁንም ጉልበት ከሌለው

ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) አስለኩ። የዲስትሪቢዩተሩ ሶኬት ይነቀል፣ ካንዴላዎቹ ይውጡ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ይረገጥ። አራቱም እኩል ዝቅ ካሉ ቺንጋውን ጠርጥሩ። አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ከወደቁ ነገሩ ቫልቭ ወይም የፒስተን ቀለበት ነው፤ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ወደ ማውረድ ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የመጽሐፉን ቁጥር አትጠብቁ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ያንሳል፣ ንባቡም አብሮ ይወርዳል። ይህን ሳያውቁ ደህና ሞተር «ደክሟል» ተብሎ ሌላ ሞተር ፍለጋ ሶማሌ ተራ የሄዱ አሉ። ከቁጥሩ ይልቅ በአራቱ መካከል ያለውን ልዩነት እዩ፤ ከ14 ፒኤስአይ መብለጥ የለበትም።