ቱንድራ ያላችሁ ወይ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ የሞተሩን ነገር እንዴት እንደምታጣሩ

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ እዚህ ቨርጂኒያ ያገለገለ የ2022 ቶዮታ ቱንድራ ፒክአፕ ሊገዛ ሄዶ፣ ዋጋ ተስማምቶ ቀብድ ሊከፍል ሲል ደወለልኝ። ቆይ መጀመሪያ የመኪናውን ቪን ነምበር፣ መለያ ቁጥሩን ማለቴ ነው፣ ላክልኝ አልኩት፣ አስገብቼ ሳየው ያልተሰራ የሞተር ሪኮል አለበት፣ ማለትም ፋብሪካው ችግር አለበት፣ አምጡትና በነጻ ላስተካክል ብሎ የጠራው ነው። ሻጩ ስለሱ ትንፍሽ አላለም። ሕግ ጥሷል እንዳትሉ ደግሞ አልጣሰም፣ አሜሪካ ውስጥ ዲለር አዲስ መኪና ሪኮሉ ሳይሰራ እንዳይሸጥ የፌደራል ሕግ ይከለክለዋል፣ ያገለገለ መኪና ላይ ግን እንደዛ የሚል የፌደራል ሕግ የለም። ስለዚህ ማጣራቱ የገዢው ስራ ሆነ ማለት ነው። እኛ ሰዎች ደግሞ ቶዮታ ከተባለ ዓይናችንን ጨፍነን ነው የምንገዛው፣ ለዛ ነው ይሄን መጻፍ የፈለግኩት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

መጀመሪያ ችግሩን እንወቀው። ቱንድራ ከ2022 ሞዴል ጀምሮ የድሮውን 5.7 ሊትር ቪ8 ትቶ 3.4 ሊትር ባለ ሁለት ቱርቦ ቪ6 ሞተር ነው የሚይዘው። ሜይ 2024 መጨረሻ ላይ ቶዮታ ወደ 102 ሺህ የሚሆኑ የ2022 እና የ2023 ቱንድራና ሌክሰስ ኤልኤክስ 600 አሜሪካ ውስጥ ሪኮል አደረገ። ምክንያቱ፣ ሞተሩ ፋብሪካ ውስጥ ሲቦረቦርና ሲላግ የወጣ ብናኝ በደንብ ሳይጸዳ ውስጡ ቀርቶ ነው። ክራንክሻፍቱ፣ መካኒኮቻችን ኮሎ የሚሉት የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ዋናው ቤሪንግ ላይ አርፎ ሲሽከረከር ብረት ከብረት አይነካካም፣ መሃላቸው በጣም ስስ የዘይት ሽፋን አለ። ብናኙ እዛች መሃል ከገባና መኪናው ከፍ ባለ ጭነት ደጋግሞ ከተነዳ ቤሪንጉ እየተበላ ይሄድና ሞተሩ መንኳኳት፣ መንቀጥቀጥ፣ አልነሳም ማለት ይጀምራል፣ ከባሰም ሃይዌይ ላይ ጉልበቱ ድንገት ይጠፋል። ይሄ ዘይት በሰዓቱ ስላልቀየራችሁ የመጣ አይደለም፣ ከፋብሪካው ይዞት የወጣ ነው፣ ማንም ጥፋቱን እናንተ ላይ እንዲያላክክ አትፍቀዱ።

ኖቬምበር 2025 ላይ ደግሞ ሪኮሉ ሰፋ፣ ሌላ ወደ 127 ሺህ መኪና ተጨመረ፣ ከ2022 እስከ 2024 ያሉ ቱንድራዎችና ሌክሰስ ኤልኤክሶች፣ ከነሱ ጋር የ2024 ሌክሰስ ጂኤክስ። ስለዚህ በ2024 አጣርታችሁ የለበትም ተብላችሁ ከነበረ እንደገና አጣሩ። ይሄን በጣም ነው የምለምናችሁ፣ ብዙ ሰው አንዴ አይቶ ነጻ ነኝ ብሎ ትቶታል።

1. ቪን ነምበሩን አስገቡ። 17 ፊደልና ቁጥር ነው፣ በሹፌሩ በኩል መስታወቱ ስር ዳሽቦርዱ ላይ፣ የሹፌሩ በር ሲከፈት ያለው ስቲከር ላይ፣ ኢንሹራንስና ሬጂስትሬሽን ወረቀታችሁ ላይም አለ። ኦ የምትመስል ነገር ካያችሁ ዜሮ ናት፣ ቪን ላይ ኦ የሚባል ፊደል አይገባም፣ በዚህ ተሳስቶ መኪናው የለም ይላል የሚል ሰው አጋጥሞኛል። የመንግስቱ የመንገድ ደህንነት መስሪያ ቤት፣ ኤንኤችቲኤስኤ፣ ድረገጹ ላይ ሪኮል የሚል ቦታ አለው፣ እዛ በነጻ ታያላችሁ፣ የቶዮታ የራሱም አለ። ኢንተርኔት የማይሆንላቸው እናትና አባት ካሏችሁ ቁጥሩን ይዛችሁ ዲለሩ ሰርቪስ ክፍል ደውሉ፣ በሁለት ደቂቃ ይነግሯችኋል።

2. ሃይብሪድ መሆኑን ለዩ። በ2024ቱ ሪኮል ሃይብሪዱ አልተካተተም፣ ሞተሩ ቢቆምም በኤሌክትሪኩ ትንሽ መንገድ መሄድ ይችላል ተብሎ ነው። ሞተሩ ግን ያው ቪ6 ነው፣ ስለዚህ ሃይብሪድ ያላችሁም ቀጥሎ ያለውን አንብቡ፣ ለናንተም ይሆናል።

3. ጠዋት ቀዝቅዞ እያለ አዳምጡ። ያገለገለ ልትገዙ ከሆነ ሻጩን ሳልመጣ እንዳታስነሳው በሉት፣ ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት፣ ሞቆ ከጠበቃችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ሬዲዮም ኤሲም አጥፍታችሁ አስነሱት። ከታች በኩል ጉ ጉ ጉ የሚል ጠለቅ ያለ ድምጽ፣ ነዳጅ ሲሰጠው አብሮ የሚፈጥን ከሆነ ጥሩ አይደለም። ከላይ የሚሰማ ስስ ቲክ ቲክ ነዳጅ የሚረጨው የኢንጀክተር ድምጽ ሊሆን ይችላል፣ በዚህ ሞተር የተለመደ ነው፣ በሱ አትደንግጡ። ልዩነቱ ካልገባችሁ በስልክ ቅረጹትና ለመካኒክ አሰሙት። ከዛ ዳገት ላይ ንዱት፣ ጉልበት ሲያስፈልገው ነው የሚናገረው።

4. ዘይቱን ተመልከቱ። ኦይል ቼንጅ ስታስደርጉ አሮጌውን ፊልትር አስቆርጡና ወረቀቱን ዘርግታችሁ በመብራት እዩት፣ የሚያብለጨልጭ የብረት ቅንጣት በብዛት ካለ ፎቶ አንሱ። ማግኔት አስጠግቶ አይነሳም፣ ሰላም ነው የሚላችሁን አትስሙ፣ የቤሪንጉ የሚበላው ሽፋን በብዛት የሚሰራው ማግኔት ከማይስበው ብረት ነው። ቶዮታ በየ10 ሺህ ማይሉ ወይ በዓመት ቀይሩ ይላል፣ እኔ በየ5 ሺው ነው የምመክረው፣ ቱርቦ ላለው ሞተር ዘይት ሕይወቱ ነው፣ የውስጡን ብናኝ ግን ዘይት መቀየር አያወጣውም፣ ስለዚህ ዘይት ቀይሬያለሁና ሪኮሉ ይቅርብኝ አትበሉ። ሬሲታችሁን በሙሉ አስቀምጡ።

5. ሃይዌይ ላይ ቢያንኳኳ ወይ ጉልበት ቢያጣ፣ እባካችሁ ቤት እስክደርስ ብላችሁ አትንዱት። ሃዛርድ አብርታችሁ ወደ ዳር ውጡ፣ አጥፉት፣ ደግማችሁ እንዳታስነሱት፣ ልጆች ካሉ ከመንገዱ ጠርዝ ራቅ አድርጋችሁ አስወርዷቸው፣ ከዛ ቶው አስጠሩ። የቆመውን ሞተር እስቲ ልሞክረው ብሎ ማሽከርከር የተበላውን ቤሪንግ ይጨርሰዋል።

6. ዲለር ጋር ስትሄዱ ሁሉንም በወረቀት አድርጉት። የሪኮሉን ቁጥር ንገሩ፣ የመጀመሪያው 24ቪ381 ነው። ሪኮል በነጻ ነው የሚሰራው፣ ማይላችሁ በዛ ወይ ሁለተኛ ባለቤት ናችሁ ተብሎ አይከለከልም። ለ2024ቱ ቶዮታ የሰጠው መፍትሄ ሞተሩን መቀየር ነው። ሪኮሉ ሳይወጣ በፊት በራሳችሁ ገንዘብ ያሰራችሁ ካላችሁ ሬሲቱን ይዛችሁ ይመለስልኝ ብላችሁ ጠይቁ። መኪናው ብዙ ቀን የሚቆይ ከሆነ ሎነር፣ እስኪሰራ የምትነዱት የውሰት መኪና፣ ጠይቁ፣ ሳይጠየቁ የማይሰጡ አሉ። ድምጽ አለው ብላችሁ ወስዳችሁ ምንም አላገኘንም ካሏችሁ ያንኑ ጽፈው፣ ቀኑና ማይሉ ያለበት ወረቀት እንዲሰጧችሁ አድርጉ፣ በኋላ ሞተሩ ቢሞት ቀድማችሁ እንደተናገራችሁ የሚመሰክርላችሁ እሱ ነው። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይ ያለውን ነገር ጽፋችሁ ስጡ፣ አፍራችሁ ዝም አትበሉ።

መኪናችሁ ሪኮል ውስጥ ባይኖርም የሞተርና የካምቢዮው ዋራንቲ 5 ዓመት ወይ 60 ሺህ ማይል ነው፣ ቀድሞ የመጣው ያበቃዋል፣ መኪናው ሲሸጥም አብሮት ይሄዳል። የ2022ቶቹ በ2027 አካባቢ ይጨርሳሉ፣ ጥርጣሬ ያላችሁ ቶሎ አሳዩ። ለኤንኤችቲኤስኤም አመልክቱ፣ ሪኮል ሲሰፋ አንዱ መነሻ የባለቤቶች አቤቱታ ነው።

ጓደኛዬ ቀብዱን አልከፈለም። ሻጩን መጀመሪያ ሪኮሉን አሰራና የዲለሩን ወረቀት አሳየኝ አለው። እናንተም ሞተሩ ተቀይሯል ከተባላችሁ በአፍ አትቀበሉ፣ የስራ ወረቀቱ ላይ የመኪናው ቪንና የተሰራበት ቀን መኖሩን እዩ፣ ከዛ ቪኑን መልሳችሁ አስገቡት፣ ያልተሰራ ሪኮል የለም ካላችሁ ያኔ ስለ ዋጋ አውሩ።