የፋሲካ ኬክ ሲበላሽ፦ አለርጂ ላለበት ልጅ ስንጋግር የሚገጥሙን ችግሮችና መፍትሄያቸው

ባለፈው ፋሲካ፣ በአይሁድ ፔሳሕ፣ ለእህቴ ልጅ ኬክ ጋገርኩ። ሰባት ዓመቷ ነው። አልመንድ ወይም ዋልነት ከቀመሰች ከንፈሯ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ስለዚህ በአልመንዱ ፋንታ የሱፍ አበባ ፍሬ ፈጭቼ አስገባሁ። ከኦቨን ሲወጣ ያምር ነበር። ከፍ ብሏል፣ ቡናማ ሆኗል፣ ቤቱን የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ሞልቶታል። ማታ ሴዴሩ፣ የበዓሉ የመክፈቻ እራት፣ አልቆ ቢላዋ ሳሳርፍበት ግን ውስጡ አረንጓዴ ነው። የሻገተ ዳቦ ነው የሚመስለው። ልጅቷ ጠጋ ብላ አየችውና «አክስቴ፣ ተበላሽቷል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ኬኩን አነሳሁት። እሷም እንደ አምናው ብርቱካን በላች።

ኬኩ ግን ምንም አልሆነም ነበር። ያንን ያወቅኩት በኋላ ነው። እዚህ እስራኤል ለፔሳሕ የሚጋግሩ፣ ቤታቸው አለርጂ ያለበት ልጅ ያላቸው እናቶችና አክስቶች እንደኔ ያለ መልስ እንዳይቀሩ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ኬኩ ውስጡ አረንጓዴ ሆነ

የሱፍ አበባ ፍሬ ክሎሮጄኒክ አሲድ የሚባል ነገር አለው። ቤኪንግ ሶዳ ወይም ቤኪንግ ፓውደር ሲያገኘው ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ትኩስ እያለ ብዙም አይታይም፤ ቀዝቅዞ ሲቆይ ነው የሚወጣው። አይጎዳም። ሊበላ ይችላል።

መፍትሄው ሎሚ ነው። ለአንድ ኩባያ የሱፍ ዱቄት ከአንድ እስከ ሁለት የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምሩ፣ ሶዳውን በግማሽ ቀንሱ። ካካዎ ከገባበት ደግሞ ቀለሙ ቢመጣም አይታይም። እኔ አሁን ለልጆች የምሠራው በካካዎ ነው።

ስትፈጩ ተጠንቀቁ። ፍሬው ዘይት ስላለው መፍጫው ዝም ብሎ ከዞረ ዱቄት መሆኑ ቀርቶ ቅቤ ይሆናል። ከምግብ አሠራሩ ላይ ጥቂት ስኳር ቀንሳችሁ አብራችሁ ፍጩት፤ እያቆማችሁ፣ ትንሽ ትንሽ። ከዚያ በወንፊት ንፉት። በአልመንድ ዱቄት ልክ፣ አንድ ለአንድ ይተካል።

«ለፋሲካ ኮሸር» (በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ) የሚል ምልክት አለው፣ ልጁ ግን አሳከከው

ይሄ ከሁሉም በላይ ልብ እንድትሉት የምፈልገው ነው። በፔሳሕ የሚከለከለው ሐሜጽ፣ ማለትም የቦካ ነገር፣ ከአምስት እህሎች የሚመጣ ነው፦ ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ራይና ስፔልት። እነዚህ ሲወጡ ቦታቸውን ማን ያዘ? አልመንድ፣ ዋልነትና እንቁላል። ስለዚህ በዓመቱ ውስጥ የአልመንድና የዋልነት አለርጂ ላለበት ልጅ ጣፋጭ ምግብ በጣም የሚያሰጋው በዚህ ሳምንት ነው። የኮሸር ምልክቱ የሚመልሰው የሃይማኖቱን ጥያቄ ብቻ ነው። የልጁን ጥያቄ የሚመልሰው በትንንሽ ፊደል የተጻፈው የአለርጂ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለቱንም አንብቡ።

«ፓርቬ» (ሥጋም ወተትም የሌለበት) የሚለውም ያሳስታል። የሴዴር እራት ሥጋ ስለሆነ፣ ሥጋና ወተትም በኮሸር ሕግ አብረው ስለማይበሉ፣ ጣፋጩ ወተት የለበትም፤ ወተት ለማይስማማው ልጅ ይህ ደስ ይላል። ነገር ግን ፓርቬ ቸኮሌት ወተት በሚሠራበት መሣሪያ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። ለኮሸር ሕግ ችግር የለውም፤ በጥቂቱ ለሚታመም ልጅ ግን ችግር ነው። «የወተት ርዝራዥ ሊኖረው ይችላል» ከተባለ መልሱት።

ግሉተን የማይችል ሰው ካለ ደግሞ የማጻ (ያልቦካ የፔሳሕ ቂጣ) ዱቄት ያው ስንዴ ነው። ከግሉተን ነፃ የሚባለው ማጻ አብዛኛውን ጊዜ ከአጃ ይሠራል፤ ሴሊያክ (ግሉተን የሚቀሰቅሰው የአንጀት ሕመም) ካላቸው ውስጥ አጃም የማይስማማቸው ስላሉ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። አንድ የሚረዳ ነገር አለ። አንዳንድ ሐሲዶች (አጥባቂ አይሁዶች) በበዓሉ ማጻን ከውሃ ጋር አያነካኩም። ለእነሱ የሚሠራው ብስኩትና ኬክ ማጻ ስለሌለው ብዙ ጊዜ ከድንች ስታርች ነው። እሱን ፈልጉ፣ ግን «ከግሉተን ነፃ» የሚለውንም አብራችሁ አረጋግጡ።

እዚህ ላይ የቋንቋችን ነገር አለ። እኛ «ለውዝ» ስንል ብዙዎቻችን ኦቾሎኒ ማለታችን ነው። መዝገበ ቃላቱ አልመንድ ሊለው ይችላል። ቤተሰብ ደውሎ «ልጁ ለውዝ አይችልም» ካላችሁ «የቱን?» በሉ። ቦትኒም (ኦቾሎኒ) ነው፣ ሽኬዲም (አልመንድ) ነው፣ ኤጎዚም (ዋልነትና መሰሎቹ) ነው? በዕብራይስጡ ስሙ ይናገሩ። ኦቾሎኒ ጥራጥሬ ነው፣ ሌሎቹ የዛፍ ፍሬ ናቸው። አንዱን የማይችል ሌላውን ሊችል ይችላል፣ ላይችልም ይችላል። ሰሊጥንም ጠይቁ፤ እዚህ አገር ጠሒና (የተፈጨ ሰሊጥ) የማይገባበት ምግብ የለምና።

ሽምብራና ሩዝ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?

አሽከናዚዎች (ዘራቸው ከአውሮፓ የሆነ አይሁዶች) ቂትኒዮት የሚሏቸውን፣ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ሽምብራ፣ ሰሊጥና የመሳሰሉትን፣ በፔሳሕ አይበሉም። የሱፍ አበባ ፍሬንም ከዚያው ይቆጥሩታል። የቤተ እስራኤል ወግ ይህ ክልከላ አልነበረበትም። የእኛ ሰዎች ጎንደር ሳሉ የሚጠነቀቁት ከኮመጠጠና ከቦካ ነገር ነበር። ቂጣው ሊጡ ሳይቆይ ወዲያው ምጣድ ላይ ይወጣል። እናቴ ዛሬም ሊጥ ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ሲቆይ ካየች ድምፅዋ ይለወጣል። ጤፍ ከአምስቱ እህሎች ውስጥ ባይገባም፣ እሷ በፋሲካ የቦካ እንጀራ አታይም።

ስለዚህ እንግዶቻችሁ እነማን እንደሆኑ እወቁ። የአሽከናዚ ምራት ወይም አማች ካላችሁ የድንች ስታርች ሁሉንም ያስማማል። የዱቄት ስኳርም እዩት፤ የበቆሎ ስታርች ይደባለቅበታል። በቤት ስኳርና ትንሽ የድንች ስታርች አብሮ መፍጨት ይቀላል። ሌላ ጥያቄ ካለ ቄሳችሁን ወይም ረቢያችሁን ጠይቁ።

መሃሉ ሰመጠ

የድንች ስታርች ኬክን የሚያቆመው እንቁላል ነው። ግሉተን የለም፣ ስለዚህ አረፋው ሲወድቅ የሚይዘው ነገር የለም። የእኔ መነሻ ይህ ነው፦ 6 እንቁላል፣ 1 ኩባያ ስኳር፣ 3/4 ኩባያ የድንች ስታርች፣ የአንድ ሎሚ ልጣጭ፣ 170 ዲግሪ፣ ወደ 40 ደቂቃ። ከሰመጠ ከሦስት አንዱ ነው።

ወይ ቶሎ ወጥቷል። ስንጥር ስትሰኩበት ደርቆ መውጣት አለበት፤ ጣት ስታሳርፉበትም ተመልሶ መነሳት አለበት። ወይ ኦቨኑ ከግማሽ ሰዓት በፊት ተከፍቷል። ወይ ደግሞ የእንቁላሉ ነጭ ከልክ በላይ ተመትቷል። በደንብ የተመታ ነጭ ያብረቀርቃል፣ ጫፉ ቆሞ ትንሽ ይታጠፋል። እንደ ጥጥ ከተበጣጠሰ አልፏል። ስታርቹን ስታስገቡ በሚክሰር አይሁን፤ በሰፊ ማንኪያ ከሥር ወደ ላይ እየገለበጣችሁ፣ በሦስት ዙር።

ከበዓሉ በፊት ሠርታችሁ ጨርሱ። በዓሉ ከገባ ሚክሰር አይነካም፣ ለመድገምም ዕድል የለም።

ነጩ አረፋ አልሆን አለ

ቅባት ነክቶታል። የአስኳል ጠብታ፣ ወይም ትናንት ዘይት የነበረበት የፕላስቲክ ሳህን። ፕላስቲክ ታጥቦም ቅባት ይይዛል። የብረት ወይም የመስታወት ሳህን በሎሚ ጠርጋችሁ አድርቁና እንደገና ጀምሩ። እንቁላሉን አንድ በአንድ በትንሽ ኩባያ ሰብራችሁ አዛውሩ። ደም ያለበትም ቢገኝ የሚጣለው አንድ ብቻ ይሆናል።

እንደ ማስቲካ ተጣበቀ፣ ወይም አፍ ውስጥ አሸዋ አሸዋ አለ

የሚጣበቀው ስታርች ሲበዛና ኬኩ ትኩስ እያለ ሲቆረጥ ነው። በኩባያ ሳይሆን በሚዛን ለኩ፤ 3/4 ኩባያ ወደ 120 ግራም ነው። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ቢላዋ አታሳዩት። አሸዋ የሚለው ደግሞ የማጻ ወይም የኮኮናት ፍቅፋቂ ውሃ ሳይጠጣ ሲጋገር ነው። ሊጡን 20 ደቂቃ አሳርፉት።

እንቁላል የማይበላ ልጅ አለ

በዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ያለ እንቁላል የድንች ስታርች ስፖንጅ ኬክ ለመሥራት አትድከሙ። ብዙ ሞክሬያለሁ፤ የሚወጣው ሙጫ ነው። ሌላ ነገር ሥሩለት። ቴምር ከኮኮናትና ካካዎ ጋር ፈጭታችሁ በእጅ ድቡልቡል አድርጉለት። ከኦቨንም ከእንቁላልም ነፃ ነው። ኮኮናት የማይስማማቸው ጥቂቶች ስላሉ ቤተሰቡን አስቀድሙና ጠይቁ።

ሜሬንግ (ከእንቁላል ነጭ አረፋና ከስኳር የሚደርቅ ጣፋጭ) ከፈለጋችሁ ግን ሽምብራ የተቀቀለበት ውሃ ተአምር ይሠራል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ በአንድ የእንቁላል ነጭ ፋንታ ነው። አረፋው ቶሎ ከወደቀ ውሃው ቀጥኗል ማለት ነው። እንደ እንቁላል ነጭ እስኪወፍር በእሳት ቀንሱት፣ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ጥቂት የሎሚ ጠብታ ጨምራችሁ 10 ወይም 15 ደቂቃ ምቱት። ስኳሩ በአንድ ጊዜ አይግባ፤ በማንኪያ በማንኪያ። በ100 ዲግሪ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይድረቅ። ኦቨኑን አጥፍታችሁ በሩን ሳትከፍቱ እዚያው ይቀዝቅዝ። ቶሎ ከወጣ ላቡ ይወጣና ይጣበቃል። ኦቾሎኒ የማይችል ልጅ ሽምብራም ላይስማማው ስለሚችል ይህንንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ኬኩ ንጹሕ ነው፣ ልጁ ግን ታመመ

ብዙ ጊዜ ችግሩ ከጠረጴዛው ነው። ሐሮሴት (በሴዴር የሚቀርበው ጣፋጭ የፍራፍሬ ቅይጥ) ውስጥ ብዙ ጊዜ ዋልነት አለ። በዚያው ማንኪያ ሌላ ተነካ። በዚያው ቢላዋ የአልመንድ ኬክ ተቆረጠ። እኔ አሁን የማደርገው ሐሮሴቱን ራሱን ያለ ዋልነት፣ በፖምና በቴምር መሥራት ነው። የአልመንድ ኬክም ያን ማታ ቤቴ አይገባም። «ለእሷ ብቻ ለብቻ እናስቀምጥላት» ማለት ቀላል ይመስላል። ግን ልጆች ከአንዱ ሳህን ወደ ሌላው እጃቸውን ይሰዳሉ፣ አያቶችም በፍቅር ያጎርሳሉ። ለአያት አስቀድማችሁ በደንብ አስረዱ፤ «ትንሽ ቢቀምስ ምን ይሆናል» የሚለው ከክፋት አይመጣም።

ከንፈር ካበጠ፣ ድምፅ ከተዘጋ፣ ትንፋሽ ካጠረ ኤፒፔኑን (የአድሬናሊን መርፌውን) ጭኑ ላይ ውጉና ወዲያው 101 ደውሉ፤ ማገን ዳቪድ አዶም፣ የእስራኤል አምቡላንስ፣ ይመጣል። የበዓል ሌሊት ነው ብላችሁ አትዘግዩ። ነፍስ ማዳን በዓሉን ይሽራል፣ ስልኩም ይነሳል። ልጁን አስተኙት፤ ትንፋሽ ከከበደው ይቀመጥ፣ ግን አያቁሙት፣ አያስኬዱት።

በማግስቱ ደረቀ

የድንች ስታርች ኬክ ቶሎ ይደርቃል። ገና ለብ እያለ በፕላስቲክ ጠቅልሉት። ሳምንቱን ሙሉ ከፈለጋችሁት ደግሞ ቆራርጣችሁ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር አስገቡት፤ በላዩ የልጁን ስም ጻፉበት። የእህቴ ልጅ ስሟን ራሷ በቀይ እስክሪብቶ ትጽፍበታለች። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀን መጥታ ፍሪዘሩን የምትከፍተው ራሷ ናት።