ከማደንዘዣ በኋላ አይጦቹ የተማሩትን ሲረሱ፦ ችግርና መፍትሄ

ኢሶፍሉሬን (በትንፋሽ የሚሰጥ ማደንዘዣ) የተሰጣቸው አይጦች የትውስታ ፈተና ሲወድቁ ጣት ቶሎ የሚቀሰረው በመድኃኒቱ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የአሠራር ነው። ቬፖራይዘሩን (ፈሳሹን ማደንዘዣ ወደ ትነት የሚቀይረውን መሣሪያ) ፈትሻችኋል፣ ኦክስጅኑም አለ ብለን እንለፍ።

ምልክት፦ የደነዘዘው ቡድን በሙሉ ደካማ ነው፤ አንጎሉ ሲመረመርም ታው በሚባለው የአንጎል ሴሎች ፕሮቲን ላይ ፎስፌት በዝቷል

መንስኤው ብርድ ነው። ደጋግሞ የሚመጣው ይኸው ነው። 25 ግራም የምትመዝን አይጥ ከደነዘዘች በኋላ አትንቀጠቀጥም፣ አትጠቀለልም፤ ክፍሉ 22 ዲግሪ ቢሆን እንኳ የሰውነቷ ሙቀት በደቂቃዎች ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። ሲበርዳት ከታው ላይ ፎስፌት የሚያነሱት ኢንዛይሞች ይደክማሉ፣ ፎስፌቱም ይከማቻል። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አይጦቹ እየሞቁ ሲደነዝዙ ጭማሪው እንደሚጠፋ አሳይቷል። (ሌላው ማደንዘዣ፣ ፕሮፖፎል፣ ለብቻው ይታይ፤ ሙቀት ቢጠበቅም ታውን ይነካል።)

«ማሞቂያው 37 ይላል» የሚል መልስ አይበቃም። 37 የሆነው ማሞቂያ ምንጣፉ ነው ወይስ አይጧ? ምንጣፉ 37 እያሳየ አይጧ 33 ላይ የምትገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

መፍትሄው፦ ማደንዘዣ ሳጥኑን ራሱን አስቀድማችሁ አሙቁ፤ ብርዱ የሚጀምረው እዚያ ነው። ለማስተኛት 3–4% ኢሶፍሉሬን፣ ከዚያ 1.5–2% ይበቃል። ለአይጥ የተሠራ ቀጭን የሙቀት መለኪያ በቅባት አለስልሳችሁ በፊንጢጣ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አስገቡ፣ ጭራዋ ላይ በፕላስተር እሰሩት። ለአይጠ መጎጥ የተሠራውን አታስገቡ፣ ያቆስላታል። በየ5 ደቂቃው መዝግቡ፤ ከ36.5 እስከ 37.5 ይሁን። መለኪያው ሾልኮ ከወጣ ከእሱ ጋር የተያያዘው የማሞቂያ መቆጣጠሪያ «በርዷል» ብሎ ማሞቂያውን ያግለዋል፣ አይጧም ትቃጠላለች። መቆጣጠሪያ የሌለው ርካሽ ምንጣፍ ጭራሹን አይገዛ። ሙቅ ውሃ የተሞላ ጓንትማ መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሙቀቷን መልሶ ይስባል።

ስትነቃም አትተዉአት። ከጎጆዋ ግማሹ ማሞቂያ ላይ፣ ግማሹ ከማሞቂያ ውጭ ይሁን፤ ሲሞቃት መሸሻ ታገኛለች።

ምልክት፦ በሞሪስ የውሃ ገንዳ (አይጧ እየዋኘች የተደበቀ መድረክ የምትፈልግበት የትውስታ ፈተና) በግልጽ የሚታየውን መድረክ እንኳ አታገኝም

ይህ መርሳት አይደለም፣ አለማየት ነው። በመርፌ በሚሰጡት ኬታሚንና ዛይላዚን ስትደነዝዝ ዓይኗ አይከደንም፤ ኮርኒያው ደርቆ ይጎዳል። እንደተኛች የዓይን ቅባት ቀቡ፣ ሲደርቅ ድገሙ። የዋና ፍጥነቷን ሳትለኩ ስለ ትውስታ አትጻፉ።

ምልክት፦ ድምፁን ታስታውሳለች፣ የተቀጣችበትን ሳጥን ግን ረስታለች

በዚህ ፈተና አይጧ በአንድ ሳጥን ውስጥ ድምፅ እየሰማች ትቀጣለች፤ በኋላ ድምፁንና ሳጥኑን ማስታወሷ ይታያል። ሳጥኑን ብቻ መርሳቷ የመድኃኒቱ ሥራ ሊሆን ይችላል። የቦታ ትውስታ ሂፖካምፐስ የተባለውን የአንጎል ክፍል ይፈልጋል፤ በትምህርቱ ሰዓት ኢሶፍሉሬን ካለባት፣ ከሚያስተኛው በታች በሆነ መጠን እንኳ ከድምፁ በፊት የሚጠፋው እሱ ነው።

ምልክት፦ የማነጻጸሪያው ቡድን ሁልጊዜ ጎበዝ ነው

ጎጆው ውስጥ ሲያንቀላፋ የዋለ ቡድን ማነጻጸሪያ አይሆንም! በዚያው ሳጥን፣ ለዚያው ያህል ደቂቃ፣ ማደንዘዣ የሌለበት ኦክስጅን ይሰጠው። ቀዶ ጥገና ካለ ሕመሙና የሕመም ማስታገሻው ለብቻ ይነጻጸሩ።

ምልክት፦ በጨቅላነታቸው የደነዘዙት ካደጉ በኋላ መማር ያቅታቸዋል

እዚህ ዕቃ አትፈትሹ። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 7 ቀን የሆናቸው አይጠ መጎጦች የማደንዘዣ ድብልቅ (ሚዳዞላም፣ ናይትረስ ኦክሳይድና ኢሶፍሉሬን) ለ6 ሰዓት ሲሰጣቸው የአንጎል ሴሎቻቸው በብዛት እንደሚሞቱና የመማር ችግሩ እስከ አዋቂነት እንደሚዘልቅ አሳይቷል። በዚህ ዕድሜ ማደንዘዝ ግድ ከሆነ ሰዓቱን አሳጥሩ፣ ዕድሜውን በቀን መዝግቡ፣ ውጤቱንም ከአዋቂዎቹ ጋር በአንድ ሠንጠረዥ አትደባልቁ።