የአሮጌዋ ቫኔ የመሪ ድምፅ በመጨረሻ ተገኘ

ለሳምንታት ራሴን ያዞረኝ ድምፅ ነው። ቆሜ መሪ ሳዞር ከፊት በግራ በኩል «ግው» ይላል፣ ከዚያ እንደ ክራር ክር የሆነ ነገር ይንጣጣል። ስነዳ ግን ዝም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የመሪ ፓምፑን (ሞተሩ ሲሠራ መሪውን በዘይት ግፊት የሚያቀለውን) ነበር። ዘይቱን አየሁ፣ ሙሉ ነው፣ አረፋም የለውም። ቺንጋውም ደህና ነው። ደግሞ ፓምፕ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ያለቅሳል እንጂ አይንኳኳም፤ ይሄን ቀድሜ ባስብ ኖሮ አንድ ቅዳሜ ይተርፈኝ ነበር።

መላ የሰጠኝ ሞተሩን አጥፍቶ መሪውን ማዞር ነው። ይከብዳል፣ ግን ድምፁ እዚያው አለ! ስለዚህ ፓምፑ ነፃ ወጣ። ቀጥሎ ወንድሜ መሪውን ቀስ እያለ ሲያዞር እኔ ከጎማው በላይ እጄን አስገብቼ የፊቱን ሞላ በስሱ ነካሁት (ጣት እንዳይቆነጠጥ ተጠንቀቁ)። ሞላው ከመሪው ጋር አብሮ መዞር ሲገባው ይያዝና ድንገት ይፈናጠራል። ጥፋተኛው ከላይ፣ አሞርዛተሩ (የመንገዱን ንዝረት የሚውጠው) ከቦዲው ጋር የሚያያዝበት ቦታ ያለው ኩሽኔታ፣ ማለትም ሞላው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ክፍል ነበር። ሲፈታ ዝገት ብቻ፣ በእጅ እንኳን አይዞርም።

የቀኙም እድሜው ያው ስለሆነ ሁለቱንም ቀየርኩ። ሞላውን የሚጨምቀው መሣሪያ ከሌላችሁ ግን ይሄን ለጋራዥ ተዉት፤ የታመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል። ከዚያ የጎማ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አሠራሁ። አሁን መሪው ራሱ ቀሎኛል፣ ከመታጠፊያ በኋላም ወደ መሀል በራሱ ይመለሳል። ለካ በፊት አለመመለሱም ምልክት ነበር።