የሰኩለንት ሳህናችሁ ሲታመም፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ሰኩለንት፣ ማለትም ወፍራም ቅጠሉ ወይም ግንዱ ውስጥ ውሃ የሚያጠራቅም ተክል፣ ብርሃን እንደሚወድ፣ በየቀኑ ውሃ እንደማይፈልግ ታውቃላችሁ ብዬ ልጀምር። የምጽፈው በአንድ ሳህን ላይ እሬት፣ እንዳሁላና ጽጌረዳ የሚመስለው ኤቼቬሪያ ተደባልቀው ስለሚተከሉበት ነው። ለልደትና ለቤት ምረቃ የሚሰጠው ማለቴ ነው።

ቅጠሉ ይለሰልሳል፣ ውስጡ ያሳያል፣ ሲነኩት ይረግፋል

በስብሷል። "እባክህ እየው" ተብሎ የሚመጣልኝ አብዛኛው ይኸው ነው። ቀዳዳ የሌለው ዕቃ፣ ጥቁር አፈር እና አርፎ የማይቀመጥ እጅ ሲገናኙ ውጤቱ ይህ ነው።

"ከሥር ጠጠር አድርጌበታለሁ እኮ!" ይሉኛል። ዕቃው ካልተበሳ ጠጠሩ ውሃውን ወዴት ያስወጣው? ደግሞም ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር ቶሎ አይወርድም። አፈሩ እስኪጠግብ ከጠጠሩ በላይ ይቆያል። ሥሩ ያለው እዚያው ነው።

አሳሳቹ ምልክት መጨማደዱ ነው። ሥሩ ከበሰበሰ ውሃ መሳብ አይችልም፤ ስለዚህ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል። ባለቤቱ የተጨማደደውን ያይና "ውይ፣ ጠምቶታል" ብሎ ይጨምርለታል። ቅጠሉን ሳይሆን አፈሩን ጠይቁ። ቀጭን እንጨት እስከ ታች ስደዱ። ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ከወጣ በእርግጥ ጠምቶታል፣ አጠጡት። ጭቃ ይዞ ከወጣ ውሃውን ተዉና ተክሉን ንቀሉት።

አንዱ ሳህን የመጣው ከቢሮ ነበር። ያለፈ ያገደመ ሁሉ የተረፈውን የሃይላንድ ውሃ ሲያፈስበት ከርሟል። ሌላው ቤት "ማዳበሪያ ነው" ተብሎ የጀበና አተላ ይደፋበታል፤ ሻጋታው ከላይ ይታያል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ላዩ ላይ ያሉት ጌጠኛ ጠጠሮች በሙጫ ተጣብቀው የሚሸጠው ነው። አፈሩን መንካት አትችሉም፣ እንጨት አይገባም፣ አየር የለም። እንዲህ ያለውን አትግዙ። በስጦታ ከመጣ በዚያው ሳምንት የተጣበቀውን ጠጠር ሰብራችሁ አውጡት።

መፍትሄው፦ ንቀሉት፣ አፈሩን በሙሉ አራግፉ። ቡናማ የሆነውን ሥር ቁረጡ። ግንዱን በአልኮል በተጠረገ ምላጭ ከታች ወደ ላይ እየቆረጣችሁ ውጡ። መሃሉ ላይ ቡናማ ነጥብ ወይም ቀለበት እስካለ ድረስ አልጨረሳችሁም፤ በየቁርጡ ምላጩን ጥረጉ። ንጹሕ ሥጋ ስታገኙ ጥላ ላይ አስቀምጡት። ቁስሉ እስኪደርቅ ከ3 እስከ 7 ቀን ይበቃዋል። ከዚያ ደረቅ አፈር ላይ ትከሉና አንድ ሳምንት ያህል ውሃ አታሳዩት። በተለይ ይህን የሚሰማኝ የለም፤ በማግስቱ ያጠጡታል። ግንዱ በሙሉ ካለቀ ከላይ ያሉትን ጤነኛ ቅጠሎች ሳትቆርጡ ከመነሻቸው ሙሉ በሙሉ ነቅላችሁ አፈር ላይ አጋድሟቸው። ኤቼቬሪያ ከቅጠል ያቆጠቁጣል። እሬት ግን አያደርገውም፣ አትድከሙ።

አፈሩን ቀይሩ። ከግቢ የተዛቀ ጥቁር አፈር ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሬድ አሽ ፈልጉ፤ ለመንገድና ለግንባታ የሚደፋው ቀይ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጠጠር ነው። ነፍታችሁ ዱቄቱን አውጡ፣ እጠቡት፣ ሁለት እጅ ሬድ አሽ በአንድ እጅ አፈር ቀላቅሉ። ዕቃውንም በሴራሚክ መብሻ፣ ውሃ እያደረጋችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ብሱት። ድሪሉን እንደ መዶሻ እየመታ በሚበሳበት ማዞሪያ ላይ አታድርጉ፣ ዕቃውን ይሰነጥቀዋል።

አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም በረንዳ ላይ ዝናብ ከሚመታው ቦታ አንሱት። ክረምት ላይ አፈሩ ቶሎ ስለማይደርቅ በበጋው ልማድ አታጠጡ።

አንገቱ ይረዝማል፣ ቅጠሉ ይራራቃል

ብርሃን አንሶታል። የረዘመው ተመልሶ አያጥርም። ጫፉን ቁረጡ፣ አድርቁ፣ ትከሉ። ነገር ግን ከሳሎን አውጥታችሁ በቀጥታ የቀትር ፀሐይ ላይ አትጣሉት፣ ይቃጠላል። የተቃጠለ ነጠብጣብ ደግሞ አይድንም። የጠዋት ፀሐይ አስለምዱት።

ቅጠሉ መሃል ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር

ተባይ ነው። በ70 በመቶ አልኮል በተነከረ ጥጥ ጥረጉ፣ በየሳምንቱ ድገሙ። ሳህኑን ከሌሎቹ ለዩ። ጉንዳን ከተመላለሰበት ሥሩንም እዩ።

የታችኞቹ ቅጠሎች እንደ ወረቀት ደረቁ

ጤነኛ ነው። ልቀሙት።

ቁልቋሉ ላይ ያለው አበባ አይረግፍም፣ አያድግም

በሙጫ የተለጠፈ ነው። ሻጩ ዋሽቷችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሳህኑ ውስጥ ነጭ ወተት የሚያወጣ ቁልቋል ካለ ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁን አትንኩ። ወተቱ ዓይን ከገባ በብዙ ውሃ ታጥባችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ልጆች የሚደርሱበት ቤት ከሆነ ከመጀመሪያው ባትቀላቅሉት ይሻላል።